ሁሉን የሚጠረጥሩት አባ ማነው

ኮምፒውተሩ መሥሪያ ቤታችን የመጣው በክረምት ነው። ያን ክረምት እስከ ዛሬ የማስታውሰው በእግሬ ነው። ጫማችን በስብሶ እንደርሳለን፤ ማሽኑ ጭቃና አቧራ አይወድም ተብሎ በር ላይ አውልቀን በነጠላ ጫማ እንገባለን፤ ውስጥ ደግሞ እሱ እንዳይሞቀው ሲባል ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር ይነፋብናል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ብርድ። ሹራብ ደርበን፣ ጣታችንን በትንፋሽ እያሞቅን፣ ለአንድ ብረት ምቾት ስንንቀጠቀጥ እንውላለን። ያም ሆኖ ደስ ይለን ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለልኩት እኔ፣ ታይፕ ስለምችል ብቻ እዚያ ክፍል መግባቴን ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

ከማሽኑ ጋር አንድ ሰው አብሮ መጣ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የሌለበት ቤትም መሥሪያ ቤትም በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ፣ መነቅነቁን ደግሞ እርግጠኛ ስላልሆነ ከግማሽ መንገድ የሚመለስ ሰው። ሰዓት ጠይቆ ከነገሩት በኋላ ሌላ ሰው የሚጠይቅ። ሐኪም ፊት ስሙን ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። እናንተም ዘንድ አንድ ይኖራል። የኛው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ፤ የማሽኑ ክፍል ጠባቂ፣ የቁልፎች ሁሉ ሹም፣ ክቡር አባ ማነው።

ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። በራቸው ሲንኳኳ "ማነው?" ይላሉ። "እኔ ነኝ" ትያለሽ። "እኔ ማለት ማነው?" ስምሽን ትነግሪያቸዋለሽ። "መሆንሽን በምን ልወቅ?" ይሉሻል። አንድ ቀን ባለቤታቸው ቤት የረሱትን መነጽር ይዘውላቸው መጡ።

"ማነው?" አሉ ክቡርነታቸው ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማለት?"

"የልጆችህ እናት ነኛ።"

"የስንት ልጆች?"

ሴትዮዋ መነጽሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ክቡርነታቸው ማታ ቤታቸው ሲያንኳኩ ምን እንደጠበቃቸው አልነገሩንም፤ በማግስቱ ግን ቁርስ ሳይበሉ መምጣታቸውን ከሆዳቸው ድምፅ አውቀናል።

እንዲህ ስላቸው ኮስታራ እንዳይመስሏችሁ። በሻይ ሰዓት ሌላ ሰው ናቸው። ውጭ አገር ለሥልጠና ተልከው ስለነበር ከዚያ የሰሙትንና በመጽሔት ያነበቡትን ያወጉናል፤ እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በማሽኑ እንዲሠራ የተሰጠው ሰዓት አልበቃ ብሎት፣ የሁሉንም ሰው የምስጢር ቃል ማሽኑ ራሱ አትሞ እንዲሰጠው አድርጎ በሌላ ሰው ሰዓት ይሠራ ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ ሁለት ፋይሎች ተቀያይረው፣ ጠዋት ማሽኑን የከፈተ ሁሉ በሰላምታው ምትክ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ሁሉ ምስጢር ሲያነብ ተገኘ። ከቁርስ ምግብ ካርቶን ውስጥ በወጣች የልጆች ፊሽካ የስልክ መሥመር አታልለው በነፃ የሚደውሉም ነበሩ። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ከማሽን ወደ ማሽን በስልክ መሥመር እየተጓዘ "ከቻላችሁ ያዙኝ" ብሎ ጽፎ የሚያልፈውን ፕሮግራም ነው።

"ታዲያ ተያዘ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ሌላ ፕሮግራም አሳዳጅ ተላከበት።"

"አሳዳጁስ ማን ይዞት ይሆን?"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "አንቺ ልጅ፣ ማታ እንቅልፍ ልትነሺኝ ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይወዱኝ አልቀሩም።

እነዚያን ሰዎች ሁሉ፣ ሰባሪውንም ጠጋኙንም፣ "የኛ ሰዎች" ነው የሚሏቸው፤ ልክ ሩቅ አገር እንዳሉ የአጎት ልጆች። "የኛ ሰዎች ባይሰብሩት ኖሮ የኛ ሰዎች እንዴት ይጠግኑት ነበር?" ይላሉ።

ሥራችን የፈተና ውጤት ማስገባት ነበር። መምህራን አርመው የሚልኩትን ነጥብ እያየን እንመታለን፤ ማሽኑ ደምሮ ደረጃ ያወጣል። እያንዳንዳችን የራሳችንን የምስጢር ቃል መርጠናል። ችግሩ ማሽኑ ሲነቃ ቀርፋፋ መሆኑ ነበር። ስምሽንና ቃልሽን ጽፈሽ "ግቢ" እስኪልሽ ድረስ ሻይ ይፈላል። ሠራተኛው ብዙ፣ ስክሪኑ ጥቂት። ስለዚህ በራሳችን አንድ ዘዴ አበጀን። ጠዋት ቀድማ የደረሰችው ሁሉንም በስሟ ትከፍተዋለች፤ ከዚያ እስከ ማታ ማንም አይዘጋውም። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትቀመጣለች። እኛ ያየነው እንደ ቤት በር ነው፤ አንዷ ከከፈተችው ሌላዋን ምን ቁልፍ ያስወጣታል?

ሁልጊዜ ቀድማ የምትደርሰው ቀዮ የምንላት የሥራ ጓደኛዬ ነበረች፤ ቤቷ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንደሚያውቀው ከሆነ ያን ሁሉ ሥራ የምትሠራው ቀዮ ብቻ ናት። እኛ ሌሎቻችን ገና አልተወለድንም።

አባ ማነው በዚህ ነገር ከስተዋል። መጥተው ይዘጉታል። እኛ ረድፍ ይዘን እየተነጫነጭን እንደገና እስኪነቃ እንጠብቃለን። ፊታቸውን ሲያዞሩ ያው እንደ ልማዳችን።

"ጋሼ፣ እስቲ ማን ይነካዋል ብለው ነው?" ትላቸዋለች ቀዮ። "እኛው በእኛው ነን።"

"እኛው በእኛው ማለት ስንት ሰው ነው?"

"ኧረ እርስዎ በራስዎም ጥላ አይተማመኑም።"

"ጥላዬ የት እንደሚያድር አላውቅማ" ብለው ይሄዳሉ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የሒሳብ መምህር ከሩቅ ተሳፍረው መጡ። በእጃቸው የታተመ ውጤት ይዘዋል። "ይህን ልጅ የማውቀው ተኝቶ ነው" አሉ ለዋና ኃላፊው። "ሰሌዳ እንዲያጠፋ ስጠራው እንኳ የሚቀሰቅሰው ሰው ይፈልጋል። የሰጠሁትን ነጥብ እኔ አውቀዋለሁ። በምን ተአምር አንደኛ ወጣ?"

ተመረመረ። ነጥቡ እኛ ክፍል ውስጥ ተቀይሯል። በማን ስም? በቀዮ።

ኃላፊው ቀዮን ከነሹራቧ አስጠርተው "ሰኞ ለፖሊስ ትሰጫለሽ፤ እስከዚያ ብታምኚ ላንቺም ይቀልሻል" አሏት። እናቷ ሞታ ሁለት ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ናት። ሥራዋ ከሄደ ቤቱ ይፈታል፤ ስሟ በሌብነት ከተነሳ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚቀጥራት የለም። ምሳ አብረዋት የሚበሉት ሴቶች "በስሜ የተሠራውን ሁሉ እኔ አልሠራሁትም" ስትል አንገታቸውን ደፉ። እንዲያ ማለት የሁላችንንም ዘዴ ማውጣት ነውና፣ ሁሉም ለእንጀራው ፈራ። አንዳንዷ እንዲያውም "ማን ያውቃል" ማለት ጀመረች። ያው እኛው ነን፣ "እኛው በእኛው" ስንባባል የነበርነው።

"አለቀልኝ እታለም" አለችኝ ቀዮ። "አሁን አባ ማነውን ይጠሯቸዋል። ሚስታቸውን ያላመኑ ሰውዬ እኔን ሊያምኑ ነው?"

እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። መጡ። ቀዮ ፊት ለፊት ቆመው እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም ጋሼ።"

"መሆን አለመሆንሽን አላውቅም" አሉ። "እነሱም ግን አያውቁም። ደስ ያላለኝ ይሄ ነው።"

ኃላፊውን ወደ ማሽኑ ክፍል ጋበዟቸው። ዋናው ሰውዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ ልካቸው ጠፍቶ የአንዷን ሴት ነጠላ ጫማ አጥልቀው፣ ተረከዛቸው ሜዳ ላይ ቀርቶ ገቡ። መሳቅ አማረኝ፤ የሚሳቅበት ቀን አልነበረም።

"በስሟና በምስጢር ቃሏ ነው የተገባው" አሉ ኃላፊው። "ማሽን አይዋሽም።"

"አይዋሽም ጌታዬ። ግን አያይም" አሉ አባ ማነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሆነ ነገር መቱ። ጠበቅን። ማሽኑ በዚያ ቀርፋፋነቱ አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ የኃላፊውን ስም ከነማዕረጋቸው ጠርቶ እንኳን ደህና መጡ አላቸው።

"አሁን ይህ ማሽን እዚህ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት ብሎ ይምላል" አሉ። "የማንን ውጤት ልቀይርልዎ?"

ኃላፊው ቀለማቸው ተለወጠ። "ቃሌን ከየት አገኘኸው?"

"የመኪናዎ ታርጋ ነው። መኪናዎ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሟል።" ዞር ብለው እኛን አዩን። "የነዚህንም አውቃለሁ። የአንዷ የልጇ ስም ነው፣ የሌላዋ የእጮኛዋ። የዛሬ ዓመት ነው የሞከርኩት፤ የኛ ሰዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህን ስለሆነ። በዚያ ላይ እዚህ ክፍል ጠዋት አንዷ የከፈተችውን ቀኑን ሙሉ ሁሉም ይሠራበታል። እንዲዘጋ ለእርስዎ ደጋግሜ አመልክቻለሁ፤ ሥራ ያጓትታል አሉኝ። ስለዚህ ነጥቡን የቀየረው ይህን በር አልፎ የገባ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል።"

ኃላፊው ብልህ ሰው ናቸው፤ ሲያፍሩ ደግሞ ብልሃታቸው ይጨምራል።

"ማንም ከሆነ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንተም ልትሆን ትችላለህ።"

"እችላለሁ።"

"እንዲያውም ከሁሉ የሚቀልለው ላንተ ነው። የሁሉን ቃል የምታውቅ አንተ ነህ።"

"ልክ ነዎት" አሉ አባ ማነው። ፊታቸው በራ፤ እውነቴን ነው፣ ተማሪው ትምህርቱ የገባለት መምህር መሰሉ። "እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው እኔን ነው።"

"አለመሆንህን በምን ልወቅ?"

"በምንም" አሉ። "ላረጋግጥልዎ የምችልበት መንገድ የለም።"

ይህን ከማለታቸው በፊት አፋቸውን ቢይዙ ምን ነበረበት? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ቀዮ በማስጠንቀቂያ ታለፈች፤ ያን ሁሉ ሰው መክሰስ አይቻልማ። የልጁ ነጥብ ወደ ቦታው ተመለሰ። ክቡር አባ ማነው ግን በዚያው ሳምንት ከከተማው ዳር ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ወንበር፣ ጠመኔና የተሰባበረ ጠረጴዛ ሊጠብቁ። እያንዳንዱ በራሱ ስም ይክፈት፣ ሲነሳ ይዝጋ የሚለው መመሪያ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ተለጠፈ። ሥራው እውነትም ተጓተተ። እኛም እየረገምናቸው ዘጋን፣ ከፈትን።

ነጥቡን ማን እንደቀየረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዳንዴ በአልጋዬ ላይ ሆኜ የዚያን ክፍል ሰዎች አንድ በአንድ አስባለሁ። የእሳቸው በሽታ ተጋብቶብኝ ሁለት ሰው እጠረጥራለሁ፤ ግን ስማቸውን ከአፌ አላወጣም፤ ይህንንም የተማርኩት ከሳቸው ነው።

ቀዮና እኔ ብርቱካን ገዝተን ግምጃ ቤቱ ድረስ ሄድን። ከጠመኔ ካርቶኖች መሀል ተቀምጠው አይጥ በየት በኩል እንደሚገባ እያጠኑ አገኘናቸው። እንደተገፋ ሰው አልሆኑም። አዲስ ማሽን የተሰጣቸው ነው የሚመስሉት።

"ምን እግር ጣላችሁ?"

"ላመሰግንዎ ነው ጋሼ" አለች ቀዮ። "ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት። ስላመኑኝ..."

"ቆይ፣ ቆይ። ማን አመነሽ?" አሉ። "ነገሩ እኮ አልተረጋገጠም። አንቺም ልትሆኚ ትችያለሽ።"

ቀዮ እያለቀሰች ነበር የመጣችው፤ ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። "ታዲያ ሌባ ልሆን የምችል ከሆነ፣ ለኔ ብለው ለምን ቦታዎን አጡ?"

ብርቱካኑን ከእጇ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ የበሰበሰ ይኖርበት እንደሆነ።

"ባልታወቀ ነገር ሰው ከእንጀራው አይነሳም" አሉ። "አሁን ቁጭ በሉ፤ ወንበር ሞልቷል።"

ተቀመጥን፤ እስኪመሽ አወራን።

ክቡር አባ ማነው ከዚያው ግምጃ ቤት ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ትልቋ ልጃቸው ወስዳቸዋለች። ቀዮ፣ ያንን የማሽን ክፍል ስትመራ ቆይታ ጡረታ የወጣችው፣ በየወሩ ትደውልላቸዋለች። አምና እንደነገረችኝ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፤ ብታንኳኩ "ማነው?" ይሏችኋል።