ጡሩምባ ነፊው ታማሚ ሲጠይቁ

ከሞት ቀድሞ የሚደርስ ጎረቤት የሌለው ሰፈር የለም። የካ ሚካኤል ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን አግኝቷል፤ ክቡር አቶ ኢዶሳን፣ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ። ሰው ሲሞት ማለዳ ጡሩምባቸውን ነፍተው ስሙን የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ክፋቱ፣ ሳይሞትም መጥተው ያዩታል።

"እስቲ አንድ ጊዜ ልየው" ይላሉ በር ላይ ቆመው። ውሻ እንኳ አይጮህባቸውም። ከራስጌ ተቀምጠው፣ ሳይጠይቁ፣ ሳያጽናኑ፣ የታማሚው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ ይሄዳሉ። በማግስቱ ጡሩምባው ከኮረብታው ላይ ይሰማል። ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ የያዘች አንዲት አሮጊት የሳቸውን ሳል ከአጥር ውጭ ስትሰማ ተነሥታ ጎመን ስትቀነጥስ ተገኝታለች ይባላል። ሌላው ታማሚ አባባ ሂርጳማ ደግሞ ከአልጋቸው ሆነው "የለም በሉት!" ብለው ጮኸዋል።

ስለዚህ በዚያ ክረምት ጂቱ የአቶ ኢዶሳን ጥቁር ካቦርት ባሏ በተኛበት የሆስፒታል ክፍል በር ላይ ስታይ ሚካኤልን ተጣራች።

ባሏ ነገሳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቆራጭ ነው። የሳንባ ምች ትንፋሽ ሲያሳጣው ሐኪሙ በአፉ በኩል ቱቦ አስገቡለት። በቱቦው ጫፍ የጎማ ከረጢት አለ፤ ከብረት ሲሊንደር በሚመጣው ኦክስጅን ይሞላል፣ በእጅ ሲጨመቅ አየሩ ሳንባ ይገባል። ነርሶቹ ስለማይበቁ ከጠዋት ጀምሮ የምትጨምቀው ጂቱ ናት። ቱቦው ገብቶም የነገሳ ከንፈር እንደበለዘ ነው።

"አትቸኩዪ!" አለቻት ሲስተር ወርቅአየሁ። "ጨምቀሽ ጥቂት ያዢ፣ ሳንባው ይከፈት። ከዚያ ልቀቂ።"

የጂቱ ጣቶች ግን መያዝ እምቢ ብለዋል።

"እስቲ አንድ ጊዜ ልየው" አሉ አቶ ኢዶሳ።

"አይዩት! ጋሼ ኢዶሳ፣ ስለ ሚካኤል ብለው ይሂዱልኝ!"

"እጅሽ ዝሏል፣ ልጄ።"

"ይዛል! ለርስዎ አልሰጥም!"

ከንፈሩ ይበልጥ ጠቆረ። "ስጪ እንጂ! ማንም ይሁን ማን!" ብላ ጮኸች ሲስተሯ። ጂቱ ዐይኗን ጨፍና የባሏን ትንፋሽ ለሞት ዐዋጅ ነጋሪው አስረከበች።

አቶ ኢዶሳ ጨመቁ። ያዙ። ለቀቁ። ሲይዙ የራሳቸውንም ትንፋሽ ይይዛሉ፤ ሲለቁ አብረው ይተነፍሳሉ። የነገሳ ደረት ያለ ፈቃዱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሽማግሌው ከባሏ ውስጥ ሆነው የሚተነፍሱ መሰላትና ፀጉሯ ቆመ። ልትነጥቃቸው እጇን ስትዘረጋ ግን ከንፈሩን አየች፤ ቀስ በቀስ እየቀላ ነበር።

አመሻሹ ላይ "ሂጂ፣ ልጆችሽን አይተሽ ነይ" አሏት፣ ዐይናቸውን ከደረቱ ሳያነሡ።

ስትወጣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። ከግቢዋ ስትደርስ በጉሙ መሐል አንድ ነጭ ነገር ቆሟል፤ የእድሩ ድንኳን ነው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ልቅሶው ፈነዳ።

"ማን ሞተ?" አለች ጂቱ።

"ጋሼ ኢዶሳ ሊያዩት ሄደው ቀሩ እኮ!" አለች ጎረቤቷ ሙሉነሽ ደረቷን እየደቃች። "እሳቸው ታማሚ ዘንድ ቆይተው ያውቃሉ? አስከሬኑን ሊያመጡ ነው ብለን..."

"ነገሳ እየተነፈሰ ነው። የሚተነፍሱለትም እሳቸው ናቸው።"

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ጂቱ ለልቅሶ ከመጣው ምግብ አንዱን አገልግል አንሥታ ወደ በሩ ዞረች።

"ወዴት ነው እሱ?" አለች ሙሉነሽ።

"ለጋሼ ኢዶሳ። እጃቸው ስለማይፈታ እኔው አጎርሳቸዋለሁ።"