ለአምስት ደቂቃ ብቻ ያዢልኝ

«ለአምስት ደቂቃ ብቻ ያዢልኝ» የሚሉ ወላጆችን ታውቋቸዋላችሁ? ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይከፈት ልጃቸውን ጎረቤት ሱቅ ትተው ወደ ቢሮ የሚሮጡትን? ልጁ ከትምህርት ሲወጣም እዚያው ሱቅ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። በእነሱ አምስት ደቂቃ ውስጥ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቡታጅራ እንዲህ ዓይነት ሰው ሞልቷል። አንዷን በደንብ አውቃታለሁ፤ ጫማዋ የኔ ልክ ነው።

ጎረቤት ልጅ ስለያዘ ገንዘብ ቢሰጡት ይቀየማል ይባላል። እኔም ባለሱቋ ዘይነባ እንዳትቀየም ብዬ ምንም ሰጥቻት አላውቅም። አያችሁ ጥንቃቄዬን?

አረፋ ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ልጄን ይዤ ብሄድ ሱቁ ተቆልፏል። ደሜ ፈላ!

«ሰው እንዴት ሳይናገር ይጠፋል? ኃላፊነት የሚባል ነገር የለም?» ብዬ ከበሩ ጋር ተሟገትኩ። በሩ ጨዋ ነው፤ ዝም አለኝ።

«ነግራሻለች እኮ እማዬ» አለች ልጄ። «ትናንት ‹ነገ አገር ቤት እገባለሁ› ስትልሽ ስልክ እያወራሽ ‹እሺ፣ እሺ› አልሻት።»

«ሱቋን ዘግታ አገር ቤት ምን አላት?»

«ልጆቿን ልታይ ነዋ!»

«ልጆች አሏት እንዴ?»

«አዎ፣ ሁለት። እሷ ሱቅ ስትውል የሚይዝላት ሰው ስለሌለ አያታቸው ጋ ናቸው። የምታያቸው ለአረፋ ነው።» ልጄ ትንሽ አሰበችና ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ እነሱንም ለአምስት ደቂቃ ብላ ነው የተወቻቸው?»

እኔም እንደ በሩ ዝም አልኩ።