ሽማግሌ የገፋት ቮልስ

ባትሪ የሚሞተው ቀን መርጦ ነው። እውነቴን ነው! ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ ሞቶባችሁ ያውቃል? የኔ የሞተው ሽማግሌ በላክሁ ቀን ነው። ያውም የልጅቷ አባት በር ላይ።

ያኔ የምኖረው ካዛንቺስ ነበር፤ ልጅቷ፣ ሮማን፣ ደግሞ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ። ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው፦ አጎቴ ጋሽ ተስፋዬ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር እና አንድ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን አስተማሪ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው መልስ የሚጠብቀው። አውቃለሁ። ግን ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሚኒባስ ውስጥ ይጋፉ? በቃ፣ እኔው ነዳሁና ከግቢው በር ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ።

"ብቅ እንዳትል!" አሉኝ አጎቴ። ወንበሬ ላይ ሸርተት ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ። ኳስ ነበር። ሰው በጭንቀት እንዳይሞት አንድ ነገር መስማት አለበት፣ አይደል? ኳሱ አለቀ፣ ሙዚቃ ገባ። በኋላ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጭራሽ ዝም አለ። እኔ የጣቢያው ችግር መስሎኝ!

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ጠቁሮ ወጡ። የሮማን አባት ጋሽ አስፋው "ልጁን አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው ልጅ ስጥ ብትሉኝ ምን እላለሁ? እስቲ እናስብበት" ብለው ሸኝተዋቸዋል። "እናስብበት" ሁለት ዓይነት ነው፤ ይሄኛው መጥፎው ነው አሉ አጎቴ። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ! ደግሜ አዞርኩ። ቀጭም የለም።

"ምነው?" አሉ ሐጂ ከድር።

"ትንሽ... መገፋት ሳትፈልግ አትቀርም።"

እስቲ አስቡት። አሁን በክብር ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" ያሉ ሰዎች ጎንበስ ብለው ቮልስ ሲገፉ! መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ቮልሷ ነቅነቅ ብላ ቆመች። ይሄኔ የግቢው በር ተከፈተ። ጋሽ አስፋው ናቸው። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አዩ። ቀጥሎ አጎንብሰው በመስኮቱ እኔን።

"ልጁ ይሄ ነው?"

"እሱ ነው" አሉ አጎቴ እያለከለኩ። መካድማ አይቻል።

ተመልሰው ገቡ። አለቀልኝ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ትልቁ በር ተከፈተና ፔጇቸውን እየነዱ ወጡ፤ ኬብልም ይዘዋል።

"ባትሪህ የት ነው?"

"ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ጋሼ።"

ወንበሩን ነቅለን መንገድ ዳር አወጣነው። አስተማሪው ደክሟቸው ስለነበር እዚያው እላዩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ አስፋው ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኙ። ፔጇ እየሠራች ትንሽ ጠበቅን። "በል ሞክር!" ሞከርኩ። ቮልሷ ሳለች፣ አነጠሰች፣ ተነሳች! አላፊ አግዳሚው ሁሉ አጨበጨበ።

"እንዳታጠፋት" አሉ ጋሽ አስፋው። "ባትሪው እንዲሞላ ትንሽ መዞር አለባት።" ወንበሩን መልሰን እንደገጠምን ሽማግሌዎቹን ቤት ገብተው እንዲያርፉ ነገሯቸውና ራሳቸው ከጎኔ ቁጭ አሉ። "ንዳ!"

ነዳሁ። ባምቢስ፣ ካዛንቺስ፣ ሰንጋ ተራ፣ እንደገና ባምቢስ። መጀመሪያ ስለ ሞተር ጠየቁኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ። መብራት ላይ ቆመን ሳለ ድንገት፣ "ምኗን ወደድክ?" አሉኝ።

ብዙ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። "ስትስቅ አፏን አትሸፍንም፣ ጋሼ።"

አረንጓዴው በርቶ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው "እናቷም እንዲሁ ናት" አሉ። ባትሪው መሙላቱን ሁለታችንም እያወቅን አንድ ዙር ጨመርን።

ስንመለስ ከቤት ውስጥ እልልታ ይሰማል። ገባን። ሽማግሌዎቹ ትሪ ከበው ይጎራረሳሉ። የሮማን እናት ከአጎቴ ጋር ተስማምተው የሠርጉን ቀን ቆርጠው ጨርሰዋል።

ጋሽ አስፋው በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። "እኔ ሳልኖር? መቼ እሺ አልኩ?"

"ታዲያ እምቢ ልትለው ነው" አሉ እናትየው ሽሮ ወጥ እየጨመሩ፣ "አዲስ አበባን ስታዞረው የዋልከው?"