ቅዳሜ ትልቅ ምርቃት አለ

ጎንደር ውስጥ ሰው ገበያ የሚገባው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ይህን የምለው ታቤላ ጽፌ የማድር ሰው ሆኜ ነው። ስንቱን ሱቅ በቀለም ሳሳምር ኖሬ የታዘብሁት፣ ደንበኛ ታቤላዬን አንብቦ ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቆ እንደሚገባ ነው። ታቤላዬን የሚያነበው ሱቁ ተዘግቶ ሲያገኘው ብቻ ነው፤ ያኔ ሌላ የሚሠራው ስለሚያጣ።

አሁን ደግሞ ኢንተርኔት መጣ። ልጆቻችን "ገጽ ክፈቱ፣ ላይክ አስደርጉ፣ ሼር አስደርጉ" ይሉናል። ይሁን፣ አልተቀየምሁም። ብሩሽም ጻፈው ጣት፣ ቃሉ ያው የኛው አማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቃል ስትጠሩት ሦስት ነገር አስከትሎ ይመጣል።

ሐጂ ይማም አራዳ ውስጥ ቅመም ቤት አላቸው። ማስታወቂያቸው ምርቃት ነበር። ጣሳውን እስከ አፉ ይሰፍሩና፣ ገዢው "ኧረ ይመርቁልኝ!" ሲል ከላዩ አንድ እፍኝ ይጨምራሉ። በዚያች እፍኝ ልጆች አሳድገዋል። ከላይኛው መንገድ የታሸገ ቅመም የሚሸጥ ትልቅ መደብር ሲከፈት ግን ደንበኛው ሳሳ፤ ሐጂም ሱቁን ለሞባይል ነጋዴ ላከራየው ብለው ቆረጡ። በዚያው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ በማርኬቲንግ የተመረቀችው ልጃቸው ዘምዘም አለቀሰች። ያደገችበት ቤት ነዋ! "እስከ ዓረፋ ብቻ ይታገሡኝ አባባ" ብላ ለመነች።

ገጽ ከፈተች። "ብዙ ተከታይ አገኘን" ስትላቸው ሐጂ ደነገጡ። "አስተግፊሩላህ! ተከታይ ያላቸው ነቢያት ናቸው፤ እኔ ኮረሪማ ሻጭ ነኝ!"

ከዚያ ሱቁ በር ላይ የተነሳችውን ፎቶ ለጥፋ ጻፈች፦ "ቅዳሜ በሐጂ ይማም ቅመም ቤት ትልቅ ምርቃት ስላለ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል።" ለገዛ ሁሉ ጭማሪ አለ ማለቷ ነበር። ሰፈሩ ግን ሐጂ ልጃቸው ተመርቃ ድግስ አልደገሱም እያለ ሲያማ ነው የከረመው። "እሰይ፣ ደገሱ!" አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታ በምን እንደሚታሽ እስካሁን የነገረኝ ወጌሻ የለም።

ቅዳሜ ነጭ ለብሶ የመጣው ሰው፣ እልልታው፣ አበባው፣ የለስላሳው ሳጥን! ለሐጂ ጥቁር አዝሙድ የሚያመጡላቸው የቆላ ድባው ገበሬ አያ ካሳም በግ እየጎተቱ ደረሱ። የሳቸው ስልክ ከ"ሃሎ" ሌላ አያውቅም፤ ወሬውን የሰሙት ከሚኒባስ ረዳት ነው። በጉ በርበሬው መሐል ቆሞ ያነጥሳል። ዘንቢል የያዘ ግን አንድም ሰው የለም። እንግዳ ደጁን ሞልቶት የሚቀርብ እህል ስለሌለ ሐጂ ላብ በላብ ሆኑ። ዘምዘም ከጆንያው ኋላ ተደብቃ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

ሐጂ ጋዜጣ እየቀደዱ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ እፍኝ ቅመም ይጠቀልሉ ጀመር። "ለምርቃት መጥታችኋል፤ ምርቃት ይኸውላችሁ!" ሥጋ ቢሆን ኖሮ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ተብሎ ሁለት ድንኳን ያስፈልግ ነበር፤ ኮረሪማ ግን ሃይማኖት አይጠይቅም።

አያ ካሳ ጥቅልሏን አገላብጠው አዩና ተቆጡ።

"ምነው ሐጂ! ምርቃት በባዶ ላይ ይመረቃል? ነውር አይደል! በሉ አንድ ጣሳ ኮረሪማ ስፈሩልኝና እሱ ላይ መርቁበት።"

እውነታቸውን ነው። ምንም ሳይገዛ ምርቃት ብቻ ይዞ ማን ይወጣል? አንዱ ሲገዛ ሌላው አፈረ፤ ዘንቢል ያልያዘው በነጠላው ጫፍ ቋጠረ። ከሰዓት በኋላ ጆንያዎቹ ተራቆቱ። ሽማግሎቹም ዘምዘምን መሐል አቁመው መረቋት፤ እንግዲህ ይኸኛውም ምርቃት ነው። በጉ ለዓረፋ ቆየ።

ሱቁ አልተከራየም፤ ያን ቀን የገዛው ሁሉ ዛሬም ይመላለሳል። ዘምዘም "ኢንተርኔቱ ነው" ትላለች፣ ሐጂ "እፍኜ ናት" ይላሉ፤ የሚኒባሱን ረዳት ያመሰገነው የለም።

በሳምንቱ ሐጂ አዲስ ታቤላ አዘዙኝ፦ "ምርቃት አለ"፣ ከሥሩም በትናንሽ ፊደል "ጭማሪ ማለት ነው"። ሰቅዬ ስወርድ ቀና ብለው አዩት።

"ሸጋ ሆኗል። መርቅበት እንጂ!"

ብሩሼን ይዤ ተመልሼ ወጣሁና ከጥጉ አንዲት ሰማያዊ አውራ ጣት ሣልሁ፤ ዘምዘም ስልኳ ላይ የምትቆጥራትን ዓይነት።

"ይቺ ጣት ምንድን ናት?"

"ምርቃት ናት ሐጂ።"

የራሳቸውን አውራ ጣት አቁመው ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት።

"አንዲት ጣት ምን ይዛ ትመርቃለች? እፍኝ አድርጋት!"

አደረግኋት።