የመምህር ወልደአማኑኤል ዳይኖሰር

እግዜር አራሚ የሌለበት ሰፈር አልፈጠረም። ውሃ የሌለው ሰፈር አለ፣ መብራት የሌለው ሰፈር አለ፤ የሰውን ስህተት ሰምቶ ማለፍ የማይችል ሰው ግን በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛ የናዝሬቶቹ ክቡር አራሚ የባዮሎጂ መምህሩ ወልደአማኑኤል ነበሩ።

«ትንሽ እርማት አለኝ» ካሉ አለቀ። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ሁሩታ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ሲጣራ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ትንሽ እርማት፤ የሰባት ሰው ቦታ አለ» አሉ። ሊሳፈር የተንጋጋው ሁሉ ተመልሶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ለቅሶ ቤት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ «በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው» ከተባለበት ላይ ከድንኳኑ ጥግ «ስልሳ አንድ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች ለቅሷቸውን አቋርጠው ተከራከሩ፤ ተረቱም።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌው ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ትምህርት ቤታችን አንድ ነገር እንዲያቀርብ ታዘዘ። መምህር ዳይኖሰር ልሥራ አሉ። እኔ የሂሳብ አስተማሪው ጀሶ አቦካሁላቸው። ቤት የሚያክል ነገር ስጠብቅ፣ የወጣው ከፍየል እምብዛም የማይበልጥ፣ በሁለት እግሩ የቆመ፣ እጁ አጭር፣ ጭራው ድርቅ ያለ፣ አናቱ ጉብ ያለ እንስሳ ነው። «የራስ ቅሉ አጥንት አራት ጣት ይወፍራል» አሉኝ በኩራት፤ «አንጎሉ ግን ሎሚ አያህልም።» ቅጠል በል ስለሆነ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በምላጭ እየፋቁ አሳነሷቸው።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሐዲስ መጥተው ዙሪያውን ዞሩት።

«ይሄ ኢምፔሪያሊዝም ነው» አሉ። «እሱም እንደዚሁ ይጠፋል። ጥሩ ነው። ግን ጥርሱ አነሰ። ክራንቻ ይደረግለት፣ አፉም ደም ይቀባ።»

«ትንሽ እርማት አለኝ፣ ጓድ።»

የመምህርን እጅ በስተኋላ ጎተትኩ። ዘመኑ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ የሚወሰድበት ነበር፤ መምህር ደግሞ የአምስት ልጆች አባት ናቸው።

«ሥጋ በልቶ አያውቅም» አሉ። «ክራንቻ አልሠራለትም።»

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀበሌ ተጠርተው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ክራንቻውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው፤ ምን እዋሻለሁ።

የበዓሉ ቀን ጓድ ሐዲስ በዱላ እያመለከቱ «ይህ ሥጋ በል አውሬ» ብለው ጀመሩ። አንድ ሰው «ትንሽ እርማት አለኝ» አለ። ማን ይሆን ይሄ ጅል ብዬ ዞር ስል ሕዝቡ የሚያየው እኔን ነው። አንዴ አምልጦኛል።

«ቅጠል ነው የሚበላው፣ ጓድ» አልኩ። «ክራንቻውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ሳይመሽ የቀበሌው እስር ቤት ገባሁ። መምህር ጢማቸው አድጎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ናፍቀውኝ ኖሯል፤ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ምን ብዬ እንደታሰርኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አቅፈው ሳሙኝ፤ ጠጋ ብለውም ከሰሌናቸው ላይ ቦታ ሰጡኝ። ከዚያ ጢማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ከራሳቸው ጋር እየታገሉ እንደሆነ ያስታውቅባቸዋል።

«ቅጠል ብቻ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ፍሬም ይበላል።»