በዓርብ ቅቤ የቀመሰ መዘውር

[ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቀጥቃጩ የይርጋ ጓሮ። ወናፉ፣ መዶሻው፣ ጉጠቱ እዚህም እዚያም ተጥሏል። መሐል ላይ፣ ጉልቻ ላይ የተጣደ፣ ድመት የሚያህል የመዳብ ነገር ቱፍ ቱፍ ይላል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ መዘውር ትዞራለች። መሪጌታ ቀለመወርቅ የተሰበረ ጸናጽላቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው ጸናጽሉን ጭራሽ ረስተውታል።]

መሪጌታ፦ ዓርብ ነው እኮ የምልህ! ዓርብ!

ይርጋ፦ እውነትዎን ነው፣ የኔታ። ትናንት ሐሙስ ነበር።

መሪጌታ፦ ታዲያ ይኼ ነገር በጠዋቱ አንድ ቅል ሙሉ ውሃ አልጠጣም?

ይርጋ፦ እሳት ላይ ተቀምጦ ምን ያድርግ፣ ጠማው።

መሪጌታ፦ ውሃውስ ይሁን። ያ የሚገባ የሚወጣው ብረት ላይ የምትቀባው ምንድን ነው?

ይርጋ፦ ቅቤ።

መሪጌታ፦ በዓርብ!

ይርጋ፦ እኔ አልቀመስሁም። እሱ ነው የበላው።

መሪጌታ፦ እሱ ይለኛል! በነነዌ ጊዜ ከብቱ ሁሉ ጦሟል። መጽሐፍ ነው የሚለው።

ይርጋ፦ የነነዌ ከብት ቅቤ ይበላ ኖሯል?

መሪጌታ፦ አየ አንተ! ፈረንጆቹ "ይኼስ ድንጋይ ራስ ነው" ብለው ከጋፋት የሰደዱህ ወደው አይደለም።

ይርጋ፦ ወደው አይደለም፣ የኔታ።

[ይርጋ መድፍ በሚሠራበት በጋፋት ሁለት ዓመት ወናፍ ነፍቶ፣ ነገር አይገባውም ተብሎ መባረሩን ደብረ ታቦር ሁሉ ያውቃል። መሪጌታን የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው። እሳቸው ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ አለቃነቱ ግን ሁለት ጊዜ አልፏቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ ካባውን የለበሰው ድምፁ እንደ ፍየል የሚርገበገብ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ይኼ ደነዝ የማያውቀውን ጥበብ ጓሮው ውስጥ ጥዶ ያሽከረክራል። ምን ፍርድ አለ!]

መሪጌታ፦ ለመሆኑ ውስጡ ያለው ማን ነው? ዛር ነው ጋኔን?

ይርጋ፦ እንፋሎት ነው።

መሪጌታ፦ የየት አገር ጋኔን ነው?

ይርጋ፦ የጓዳ፣ የኔታ። ሚስቴ እቴነሽ አረቄ ስታወጣ ክዳኑን በጭቃ ትመርገዋለች። አንድ ቀን መውጫውንም ረስታ ደፈነችው። ጋኑ ፈነዳ፣ ክዳኑ ጣራው ላይ ተሰካ። ያን ጊዜ "ይኼን ጉልበት መንገድ ቢሰጡትስ?" አልሁ።

መሪጌታ፦ አንተ ምን ትላለህ! ያለው ሕዝቅኤል ነው። "መንኰራኩር በመንኰራኩር ውስጥ!" ከመጽሐፍ የወጣ ጥበብ ደግሞ የማን ነው?

ይርጋ፦ የሕዝቅኤል?

መሪጌታ፦ የሊቃውንት ነዋ! ጥበቡ የኔ፣ መዶሻው ያንተ ነው ማለት ነው።

ይርጋ፦ እሱስ፣ መዶሻው የኔ ነው።

መሪጌታ፦ ደግሞ ይኼን ሁሉ እንጨት ምን አስፈጀህ? እዚያ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሞልቶ! የፈላውን አምጥቶ መጨመር ነው።

ይርጋ፦ እዚህ እስኪደርስ ይበርዳላ።

መሪጌታ፦ በቅሎዋን መጋለብ ነዋ!

ይርጋ፦ [አሰብ አድርጎ] ያን ጊዜ የምትሞቀው በቅሎዋ ናት።

መሪጌታ፦ ተወው፣ ከአንተ ጋር ነገር አያልቅም። ይልቅ ስማኝ። ባለፈው ሳምንት በአጥር አይቼው፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ "ይርጋ ቤት በጢስ የሚዞር ነገር አለ" ብዬ አወራሁ።

[ጉጠቱ ከይርጋ እጅ ወደቀ። መሪጌታ ደስታ መሰላቸው።]

ይርጋ፦ አወሩ?

መሪጌታ፦ ወሬው ቤተ መንግሥት ገብቷል! ባላምባራስ ዘውዱ በቅሎ አስጭነው ሠሪውን ፍለጋ ዛሬ ይመጣሉ።

ይርጋ፦ ዛሬ? የኔታ፣ እኔ እኮ ከጋፋት ከተመለስሁ ገና ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ማሳዬ ጦሙን አደረ። እቴነሽም "ዳግመኛ ከወጣህ አትመለስ" ብላኛለች።

መሪጌታ፦ ማን ሂድ አለህ? አንተ ጌታ ፊት ስትቆም ምላስህ ይታሰራል። ካባ ቢደርቡልህ ካባው ያፍራል። እኔ ሠራሁት እላለሁ፤ አንተ ወናፍ ነፊዬ ነህ።

ይርጋ፦ አንቱ ሠሩት?

መሪጌታ፦ እኔ ሠራሁት።

ይርጋ፦ መቼ?

መሪጌታ፦ አሁን!

ይርጋ፦ እኔ ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?

መሪጌታ፦ ስትነፋ!

[ይርጋ ራሱን አከከ፤ መሬት መሬት አየ። ነገር ወደ ጭንቅላቱ እስኪወጣ መሪጌታ በትዕግሥት ጠበቁት።]

ይርጋ፦ እሺ። "ይኼ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው?" ቢሉዎትስ?

መሪጌታ፦ ድጓ የያዝሁ ሰው በማሰሮ እቸገራለሁ? ንገረኝ፣ በቃሌ ልያዘው።

ይርጋ፦ ሆዱ አሮጌ የመዳብ ማሰሮ ነው። ሙቀጫው የተሰበረ የነፍጥ አፈሙዝ። ውስጡ የሚመላለሰው ብረት ዘነዘናው። እንፋሎቱ ዘነዘናውን ይገፋል፣ ዘነዘናው መዘውሩን ያዞራል።

መሪጌታ፦ [በዜማ] ሆዱ ማሰሮ… ሙቀጫው አፈሙዝ… ዘነዘናው ሆዱን ይገፋል…

ይርጋ፦ ተሳሳቱ፣ የኔታ። ይድገሙት።

[ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያስደግሙ የኖሩት መሪጌታ ደገሙት። ደግሞም ተሳሳቱ፤ ሦስተኛ ደገሙት። ይርጋን የጎደለው አለንጋ ብቻ ነው።]

መሪጌታ፦ በቃ፣ ያዝሁት። አንተ ግን ኋላ ካባውን ስታይ ዓይንህ ይቀላና "የኔ ነው" ትላለህ። ማልልኝ!

ይርጋ፦ ምን ብዬ?

መሪጌታ፦ "እኔ ሠራሁት ብዬ ለማንም አልናገር፣ ንጉሥ ይሙት" በል።

ይርጋ፦ ኧረ የኔታ፣ ይኼስ ከባድ ነው! በንጉሥ ምሎ ያፈረሰ እጁ ይቆረጣል ይባላል።

መሪጌታ፦ ለዚያ አይደል! ማል!

ይርጋ፦ [እያመነታ] እኔ ሠራሁት ብዬ ለማንም አልናገር። ንጉሥ ይሙት።

መሪጌታ፦ ጎሽ! ሞኝ ለምኖ ያገኘውን ሳይለመን ይሰጣል።

[የኮቴ ድምፅ። ባላምባራስ ዘውዱ ከሁለት ወታደሮች ጋር ደረሱ። ከኋላ ሰው ያልተቀመጠባት፣ ኮርቻዋ ያማረ በቅሎ ትሳባለች። መሪጌታ በቅሎዋን አዩና ልባቸው ቀድማቸው ጉብ አለች።]

ባላምባራስ፦ የዚህ ነገር ሠሪ ማን ነው?

መሪጌታ፦ እኔ ነኝ! ሆዱ ማሰሮ፣ ሙቀጫው አፈሙዝ፣ ከሕዝቅኤል አውጥቼ!

ባላምባራስ፦ አንቱ? ይኼ ሰውዬስ?

መሪጌታ፦ እሱ ነፊ ነው፤ ነገር አይገባውም።

ባላምባራስ፦ እስቲ ያስኪዱት።

መሪጌታ፦ [ለይርጋ፣ በሹክሹክታ] በዓርብ፣ በሰው ፊት ቅቤ አይሆንም። የኑግ ዘይት አድርግበት።

[ይርጋ እንደታዘዘው ከጓዳ የሰነበተ የኑግ ዘይት አምጥቶ አፈሰሰ። መዘውሯ ሁለት ዞረች፣ አንገራገረች፣ ቀጥ አለች። ዘይቱ እንደ ሙጫ ይዟታል።]

ባላምባራስ፦ ቆመ እኮ።

መሪጌታ፦ [ላብ በላብ ሆነው] ይርጋ! አንድ ነገር አድርግ እንጂ!

ይርጋ፦ እኔ ነፊ ነኝ፣ የኔታ።

[መሪጌታ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያያቸው ቅቤውን በገዛ ጣታቸው ዛቁና ዘነዘናውን ለቀለቁት። ጣታቸውንም ከልማድ ላሱት። መዘውሯ እንደገና ተሽከረከረች።]

ባላምባራስ፦ ወይ ጉድ! አንቱ እንደ ሠሩት ይምላሉ?

መሪጌታ፦ ንጉሥ ይሙት፣ እኔ ሠራሁት!

ባላምባራስ፦ ይበቃል። በቅሎዋ ላይ ይውጡ።

መሪጌታ፦ [ዓይናቸው እንባ አቅርሮ] በቅሎዋ የኔ ናት?

ባላምባራስ፦ እስከ ጋፋት። "ትንሹን የሠራ ሰው መድፉን ጎትቶ ጉና ተራራ ላይ የሚያወጣውን ትልቁን ይሥራልኝ" ብለዋል ጃንሆይ። ሠርተው እስኪጨርሱ ከዚያ መውጣት የለም።

መሪጌታ፦ ጉና! ስንት… ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ባላምባራስ፦ ሠሪው አንቱ ሆነው እኔን ይጠይቁኛል?

መሪጌታ፦ ካባውስ?

ባላምባራስ፦ የምን ካባ? ምድጃው አጠገብ ነው የሚውሉ፤ ብርድ የለም። በሉ፣ ይህንንም ጫኑት!

[አንዱ ወታደር ትኩሱን መዳብ በጉጠት ይዞ ከነመዘውሩ አነሣ። ይርጋ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ስምንት ወር ያረጀበት ነገር ነው። ወደ ቤቱ በር ዞር ሲል እቴነሽ ቆማ ታየዋለች። ወናፉን አንሥቶ ታቀፈ።]

መሪጌታ፦ ቆዩ! እሱ ነው የሠራው! ይርጋ ነው!

ባላምባራስ፦ አሁን በንጉሥ አልማሉም? ዋሽቼ ነው የማልሁት የሚሉ ከሆነ ይንገሩኝ፤ የዚያ ቅጣት ሌላ ነው።

መሪጌታ፦ [እጃቸውን ሸማቸው ውስጥ እየከተቱ] አይ… ማለቴ… ነፊው ይሙት… ማለቴ… እሱን ይጠይቁት!

ባላምባራስ፦ አንተ፣ ሥራህ ምንድን ነው?

ይርጋ፦ ወናፍ እነፋለሁ፣ ጌታዬ።

[ወታደሮቹ መሪጌታን ደግፈው ኮርቻው ላይ አወጧቸው። ይርጋ እርካቡን ሊያስተካክልላቸው ጠጋ አለ።]

መሪጌታ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ሰው፣ በእግዜር! እውነቱን ተናገር!

ይርጋ፦ [በሹክሹክታ] መሐላ አለብኝ፣ የኔታ። ያማሉኝም አንቱው ነዎት። መሐላ ማፍረስ ኃጢአት ነው፤ ያውም በዓርብ!

መሪጌታ፦ እኔ እዚያ ገብቼ በምን እወጣለሁ?

ይርጋ፦ እኔ በወጣሁበት ነዋ። "ድንጋይ ራስ ነው" ብለው እስኪለቁኝ ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ። [እርካቡን አጥብቆ፣ በአክብሮት እጅ ነሥቶ] አንቱ ግን አይዞዎት፣ ከወር አያልፉም።