ለአንበሳ የሚሆነው ጠመንጃ

ለአንበሳ የሚሆነው ጠመንጃ የትኛው ነው ብላችሁ ሰው እንዳትጠይቁ፤ እስኪመሽ ይነግራችኋል። ጣልያን በገባ ሰሞን፣ በመተማ አንበሳ ፍየላችንን ሲፈጅ፣ ጎረቤታችን አያ ደስታ «ለአንበሳ ምንሽር ነው፤ ውጅግራ ለቆቅ!» ብለው ቀጭን ጥይት የሚጎርሰውን ምንሽር ገዙ። ዝናራቸውን ግን ወፍራሙ ያምራል ብለው በውጅግራ ጥይት ሞሉት። ታዲያ ይህ መምረጥ አይባልም?

አንድ ማለዳ ከአያ ደስታ ጋር ሚስታቸውን አስከትለን ማሳ ስንሄድ፣ ማሽላው ዳር አንበሳው ፊታችን ቆመ። አያ ደስታ ጥይቱን ቢገፉት፣ ቢገፉት አልገባም። «ምነው ጠበበ?» አሉ። እኔማ ነፍሴን ለእግዜር ሰጥቼ ነበር። ያኔ ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ የወፍ ማባረሪያ ቆርቆሯቸውን ቀጠቀጡት፤ አንበሳው ዞሮ ጫካ ገባ። እፎይ!

«ዝናርዎን ሊያይ እኮ ነው የቆመው!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

አያ ደስታ ዛሬም ጠመንጃ ያማርጣሉ፤ ማሳ ሲሄዱ ግን ሚስታቸውን ያስቀድማሉ።